የሥራ ሕግ ሲቀየር ለፈረቃ አለቃውም ንገሩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አሠሪዎች ከሥራ ሕግ ለውጥ ጋር እኩል መራመድ አቅቷቸዋል ብላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ልክ ነው። ግን የጎደለ ነገር አለ። ለዓመታት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ፣ እና ባየሁት ሁሉ ችግሩ ሕጉን አለማወቅ ብቻ አይደለም። አዲሱን ሕግ የሚያውቀው ሰው አንድ ነው፣ ሥራውን በየቀኑ የሚሠራው ሰው ሌላ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

አንድ ጊዜ እሠራበት በነበረ ድርጅት የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሕግ ከፍ አለ። ጠበቃው በጊዜ ነገረን። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማስታወቂያም ተለጠፈ። እኛም ጨረስን ብለን ተቀመጥን። ደመወዝ የሚሠራው ግን ከዓመታት በፊት አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ባዘጋጀው የኤክሴል ፋይል ነበር፤ ፎርሙላው ተቆልፏል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቋል፣ ስለዚህ በየወሩ ሰዓቱ ብቻ ይሞላና ይታተማል። ሰባት ወር ሙሉ በአሮጌው ስሌት ከፈልን። ስህተቱን ያገኘው ኦዲተር አይደለም። የሌሊት ጥበቃ ነው። ማስታወቂያውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ የሰባት ወር የደመወዝ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ቢሮዬ መጣ። «እትዬ፣ ቁጥሩ የተሳሳተብኝ እኔ ነኝ?» አለኝ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው። አልተሳሳተም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሕግ በወጣ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ለውጥ የትኛውን ወረቀት ይነካል? የቅጥር ውሉን? የፈቃድ ፎርሙን? የደመወዙን ፋይል? የወሊድ ፈቃድን እንይ። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ሲመሠረት ያስቀመጠው መነሻ 12 ሳምንት ነበር፤ በ2000 ባወጣው ስምምነት ወደ 14 ከፍ አድርጎታል። አንድ አገር ሕጉን እንዲህ ሲያሻሽል የአሠሪው የውል ፎርም ላይ አሮጌው ቁጥር ከቀረ እናትየው ውሏን አምና ሁለት ሳምንት ቀድማ ልትመለስ ትችላለች። ማንም ክፉ ሰው የለም እዚህ ውስጥ። ፎርሙን የከፈተው ሰው የለም፣ በቃ።

ሌላው የፈረቃ አለቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ዓለም የሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ወጥቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ድርጊትም በትርጉሙ ውስጥ ይገባል። የስምምነቱ ከለላም ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ለተለማማጁም፣ ለበጎ ፈቃደኛውም፣ ለሥራ ፈላጊውም ነው። ከሥራ ጋር የተያያዘ የስልክ መልእክት ሳይቀር ተካቷል። ስምምነቱን ባጸደቀ አገር ያለ ድርጅት ጠበቃ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ማታ ማታ ለተለማማጇ ቴክስት የሚልከውን አለቃ ግን ማን ነገረው? ሕግ የሚጣሰው ጠበቃው ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት፣ ፈቃድ ስትጠይቅ «አሁን አይሆንም» በምትባልበት በር ላይ ነው። ለአለቆች ግማሽ ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ማድረግ አትችሉም፣ ይህን ደግሞ ማድረግ አለባችሁ ብሎ በግልጽ መንገር ምን ያህል ይከብዳል?

«ድንገት መጣብን» የሚለውን ምክንያትም ብዙ ጊዜ አልቀበለውም። ስምምነት 190 እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው ጁን 25 ቀን 2021 ነው። አንድ አገር ካጸደቀው በኋላም ማጽደቁ ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ 12 ወር ይጠበቃል። ትልቅ ድርጅት በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው መድቦ መከታተል አያቅተውም።

አምስት ስድስት ሠራተኛ ያለው አሠሪ ግን ያሳዝነኛል። እሱ ራሱ ይቀጥራል፣ ራሱ ይሸጣል፣ ራሱ ደመወዝ ያሰላል። አርባ ገጽ ሕግ መቼ ያንብብ? ለእሱ የሚጠቅመው ከመንግሥት የሚወጣ አንድ ገጽ ነው፦ ድሮ እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆኗል፣ የሚጀምረው በዚህ ቀን ነው። እናንተም ብትሆኑ ሕግ ሲወጣ ማን ምን ተናገረ ከምትሉን ይህችን አንድ ገጽ ብታትሙልን ብዙ ሰው ቆርጦ ግድግዳው ላይ ይለጥፋታል።

የጥበቃው የሰባት ወር ልዩነት ተሰልቶ ተከፍሎታል። ሌሎቹም ተከፍሏቸዋል። በመሀል ሥራ የለቀቁ አራት ሰዎች ግን ነበሩ፤ ስልካቸው ተቀይሮ ሁለቱን ፈልገን አላገኘናቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰው ኃይል ባለሙያ የነበርኩ አንባቢያችሁ