ደብተሩ እኔ ጋ ነው

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? እማማስ ደህና ናቸው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ዛሬ ከየት መጣ ብትል አልፈርድብህም። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። በመጀመሪያ ግን ስለ አንድ ባለሱቅ ላውራህ።

እዚህ ቶሮንቶ፣ ሙዚየሙ ውስጥ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ትልቅ የነሐስ ሐውልት አለ። መላ አካሉ ጠቁሯል። የግራ ጫማው ጫፍ ግን እንደ ወርቅ ያበራል። ሰው ዕድል ይሰጠኛል እያለ ሲያሻሸው ኖሮ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል። ቲሞቲ ኢተን ይባላል። መሃል ከተማ ያለው ትልቁ የገበያ ማዕከል እስከ ዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው።

ሰውየው አየርላንዳዊ ነው። በ1834 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሊሚና አጠገብ ተወለደ። አባቱን አያውቅም፤ እሱ ሳይወለድ ነው የሞቱት። በ13 ዓመቱ ንግድ ሊማር አንድ ሱቅ ገባ። ጊዜው ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ አየርላንድ በረሃብ የምታልቅበት ነበር። ሌሊት ባንኮኒ ሥር ይተኛ ነበር ይባላል። ይህን ሳነብ አንተ ትዝ አልከኝ። ዕቃ የገባልን ዕለት ጣቃ ጨርቅ ተንተርሰን እናድር አልነበር?

በ1854 ካናዳ ገባ። አገሩ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነው። ሴንት ሜሪስ በምትባል የገጠር ከተማ ከወንድሙ ጋር ሱቅ ከፈተ። የዚያን ጊዜውን የገጠር ንግድ ላስረዳህ አያስፈልግም፤ የደሴን ታውቃለህ። ገበሬው አዝመራው እስኪደርስ በዱቤ ይወስዳል። አንዳንዱም በገንዘብ ፋንታ ቅቤና እንቁላል ይዞ ይመጣል። ዋጋው በክርክር ነው። አፍ ያለው በርካሽ ይወስዳል፣ ዓይን አፋሩ ይጎዳል።

በ1869 ቶሮንቶ መጣ፤ ያንግ ጎዳና ላይ አነስ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገዛ። ከዚያ ዱቤ የለም አለ። ክርክርም የለም፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው አለ። ዕቃው ያልተስማማው ደግሞ መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል። ሰው ሁሉ በዱቤ በሚገዛበት ከተማ ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። እኔ ግን ሳስበው ፍትሕም አለበት። ያልከፈለው ሰው ዕዳ የሚጫነው በከፋዩ ዋጋ ላይ ነዋ!

በ1884 ደግሞ 32 ገጽ ካታሎግ አሳተመ። ሩቅ ያለው ገበሬ ከዚያ መርጦ በፖስታ ያዛል። ካታሎጉ ከዓመት ዓመት ወፍሮ ገጠሩን አዳረሰ። ልጆች አሮጌውን ቅልጥማቸው ላይ አስረው በረዶ ላይ ሆኪ ይጫወቱበት ነበር። ኢተን በ1907 ሞተ፤ ድርጅቱ እስከ 1999 ቆየ።

አንተ ስንት ጊዜ "ዱቤ ይቅርብን" አልከኝ! እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ጎረቤት ምን ይለናል እያልኩ፣ የኛኑ ሱቅ በቁሙ አስበላሁት። ጥፋቱ የኔ ነበር። በልቅሶ ቤት ላሉት ከፈን በዱቤ መስጠታችን ግን ዛሬም አይቆጨኝም፤ አንተም እንደማይቆጭህ አውቃለሁ።

የዱቤ ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ጀርባው በሻማ ቅባት የወዛ፣ ማዕዘኑ የተበላ፣ ያው የምታውቀው ሰማያዊ ደብተር። የመጨረሻው ገጽ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት አለ፦ የኔ ስም፣ ለጉዞ ከመሳቢያው የወሰድኩት 11,000 ብር። "ደርሼ እልክልሃለሁ" ብዬህ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላልኝ ቀረ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ፣ ስልክህን እያየሁ ማንሳት አቃተኝ። ዝምታዬ ይህ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

አሁን አለኝ። ያኔ የነበረው ብር ዛሬ ስንት እንደሚሆን አንተ ቁረጠው። አልከራከርህም።

ወንድምህ