ለስፒድስተራችን ሞተር መረጥኩለት

ሰላም ነሽ ወይ እህት ዓለም? እንዴት ከረምሽ፣ የጀርመን ብርዱስ፣ ልጅቷስ አደገችልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እማዬ አሁንም ቡና ሲፈላ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም። በጣም ነው የተጠፋፋነው፣ ያንቺም ኑሮ የኔም ኑሮ አላስቀመጠንም፣ ደግሞ እኔና አንቺ ድሮም እንዴት ነሽ ደህና ነኝ ተባብለን ስልክ የምንዘጋ ሰዎች አይደለንም፣ የምናወራው ነገር ሲኖረን ነው የምናወራው። አሁን አለኝ። ስፒድስተሩ መኪና መስሎ ቆሟል!

አዎ እሱ ራሱ፣ የድሮው ፖርሼ 356 ስፒድስተር ኮፒ፣ ተግባረ ዕድ እያለን ደብተር ጀርባ ላይ ስንስለው የነበረው። ቦዲው በፋይበር ግላስ አልቋል፣ የቮልሱ ሻንሲም ተቆርጦ አጥሯል፣ መቼም ታስታውሺዋለሽ የቮልስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2400 ሚሊ ሜትር ነው የ356ቱ ደግሞ 2100፣ ስለዚህ ከመሀል 30 ሳንቲም ወጥቶለታል። የበየደው ተክለሃይማኖት አካባቢ የሚሠራ አንድ ሰውዬ ነው፣ ከመቁረጡ በፊት ሻንሲውን ወፍራም ብረት ላይ አስሮ ነው የቆረጠው፣ ከተበየደ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስንለካው ሁለቱም እኩል መጣ፣ እኔ ሜትሩን ይዤ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። የካዛንቺሱ ጋራዥ መፍረሱን ሰምተሽ ይሆናል፣ አሁን ያለነው ጎላ ሚካኤል ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ነው፣ ጠባብ ነው ግን ጣሪያ አለው ይበቃናል።

የቀረው ሞተር ነው። እና ግቢው ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ የየራሱ ሞተር አለው። አብዛኛው ቶዮታ ግጠምበትና ተገላገል ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ሶማሌ ተራ ስትገቢ የኮሮላና የቪትዝ ዕቃ እንደ ልብ ነው፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ይሄ ቀላል ምክንያት አይደለም፣ እዚህ አገር ዕቃው የማይገኝ ሞተር መግጠም መኪናውን አቁሞ ማየት ነው። ግን የቶዮታው ሲሊንደሮች ተደርድረው የቆሙ ናቸው፣ የስፒድስተር ጀርባ ደግሞ ታውቂዋለሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ክዳኑን ሳትቀጂው አይዘጋም። ያን ጀርባ ከቀደድኩት በኋላ የቀረው መኪና ምኑ ስፒድስተር ነው?

አንቺ ያኔ ሱባሩ ነበር የምትዪው፣ እና ብዙ አሰብኩበት። እውነትሽን ነው፣ እሱም እንደ ቮልሱ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ ነው፣ ቁመቱ ይገባል፣ ድምፁም ይቀራረባል፣ ቱርቦ ያለውን ካገኘሽ ደግሞ የአዲስ አበባን የስስ አየር ችግር አብዛኛውን ይጨርሰዋል። ግን በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። ራዲያተር ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ከኋላ እስከ ፊት የውሃ ቱቦ መዘርጋት አለበት፣ ካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር ያስፈልጋል፣ ኮምፒውተሩና ሽቦው ሌላ ሥራ ነው። የሱባሩ ዕቃ ደግሞ ሶማሌ ተራ ዞረሽ እንደ ቶዮታው አታገኚውም። ጀርመን ብሆን ኖሮ ምናልባት እሺ እልሽ ነበር።

በጣም ያስቸገረኝ ኤሌክትሪኩ ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ የቮልስ ሞተር አውጥተው ኤሌክትሪክ የሚያደርጉ ልጆችም አሉ ጎበዞች ናቸው። እና እውነቱን ለመናገር ለዚህ ከተማ የሚበልጥ ነገር የለም፣ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ እንጦጦ ላይም ሆነ አዋሽ ጉልበቱ ያው ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል ይሄ። የመለሰኝ የባትሪው ዋጋና ክብደት ነው፣ 800 ኪሎ የማይሞላ መኪና ላይ ባትሪ ስትጭኚበት ያ ቅልጥፍናው ይሄዳል። ደግሞ ድምፁን እፈልገዋለሁ እህቴ፣ አባትሽ ጠዋት ቮልሳቸውን ሲያስነሱ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማውን ያንን ድምፅ።

ስለዚህ ቮልስ ነው። የራሱ የቮልሱ ሞተር። ኮፒ ስለሆነ በርካሽ ሞተር ይለፍ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ 356 ራሱ ከዚሁ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ግሙንድ ላይ የመጀመሪያውን ሲሠሩ የገጠሙለት የቮልሱን 1131 ሲሲ ሞተር ነው፣ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ አሻሽለው 35 ፈረስ ጉልበት አወጡበት በቃ። ቦዲውን የነደፈው ኤርቪን ኮመንዳም የቮልሱን ቦዲ የነደፈው ሰውዬ ነው። ስፒድስተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጣው ማክስ ሆፍማን የሚባለው የኒውዮርኩ አስመጪ ርካሽ ፖርሼ ስጡኝ ብሎ ስለጨቀጨቃቸው ነው፣ ከ3000 ዶላር በታች እንዲሸጥ መስታወቱን አሳጠሩት፣ የበሩን መስታወት አስቀሩት፣ ጣሪያውን ስስ ሸራ አደረጉት። ቀላል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ መኪና ነው፣ ቀላል ሞተር ይገባዋል ባይ ነኝ። የድሮው የፖርሼ ሞተር ራሱ ይገኝ ቢባል እንኳን የሱ ዋጋ ሙሉ መኪናችንን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽም። ያለን ሞተር 1600 ነው፣ 1584 ሲሲ፣ ፋብሪካው 50 ፈረስ ይላል። ግን 50 የሚሆነው አንቺ ጋ ነው። እኛ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ጋር ሲተያይ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ሞተሩም የሚስበው አየር በዛው ልክ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 50ው እዚህ ሲመጣ 38 ምናምን ነው የሚሆነው። ቸርችል ጎዳናን ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ በሦስተኛ ማርሽ ስትወጪ የሚሰማሽ ያ መንገታገት የሞተሩ ማርጀት ብቻ አይደለም፣ አየሩ ነው። የእ.ኤ.አ. 1955ቱ 356 ኤ 1600 ደግሞ 60 ፈረስ ነበረው፣ እነሱ አገር። ታዲያ እኔ የያኔው ሰው ሹቱትጋርት ላይ የተሰማው እዚህ ቸርችል ላይ እንዲሰማኝ ከፈለግኩ ባህር ጠለል ላይ 80 የሚያወጣ ሞተር መሥራት አለብኝ፣ ከሱ ላይ አየሩ ሩቡን ሲወስድ 60 ይቀረኛል። ይሄን ወረቀት ላይ ያሰላሁት ቀን ደስታዬን ለማን እንደምነግረው ጠፋኝ፣ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ።

80 የሚያወጣው 1776 ሲሲ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ያው 69 ሚሊው ይቀራል፣ ፒስተኑ ከ85.5 ወደ 90.5 ይሰፋል፣ ሁለት ካርቡራቶር ይገጠምለታል። 1641 አድርገው ሳትሞርደው ትገጥመዋለህ የሚሉኝ አሉ፣ 87ቱ ፒስተን ግን ሲሊንደሩ በጣም ስስ ነው፣ ሲግል ቅርፁን ይለቃል፣ እኛ ደግሞ ሙቀቱን አንችለውም። 90.5ቱ ወፍራም ግድግዳ አለው፣ ብሎኩና ቴስታታው ግን ቶርኖ ቤት ገብተው መስፋት አለባቸው። ብሎኩ ማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ለማንም አልሰጥም፣ አጠገቡ ቆሜ ነው የማስሞርደው። ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ የሞተር ቁጥሩ ያለው ብሎኩ ላይ ነው ዲናሞው ከሚቀመጥበት ሥር፣ ሊብሬው ላይም የተጻፈው እሱ ነው። የራሱን ብሎክ ካሰፋሁት ቁጥሩ ያው ነው፣ ሌላ ሞተር ከገጠምኩ ግን የወረቀቱ ጣጣ መኪናውን ከመሥራት ይብሳል።

ሞተሩን ስንፈታው ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። የሌሎቹ ሦስቱ የጭስ ቫልቮች ደህና ናቸው፣ የሦስተኛው ግን ጠርዙ ተበልቶ እግሩ ላይ ክር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሯል፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ተበጥሶ ፒስተኑን ይበሳው ነበር። የዘይት ማቀዝቀዣው ከሱ ፊት ቆሞ ንፋሱን ስለሚከለክለው ነው፣ ፋብሪካውም አውቆት ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከንፋሱ መንገድ አውጥቶ የራሱን ቤት ሠራለት። እሱን ዓይነት የንፋስ ቤት አግኝቼ ገዝቻለሁ። እዚህ ከተማ ያሉ ቮልሶችን ክዳን ከፍተሽ ብታዪ ደግሞ ግማሾቹ ሲሊንደር ዙሪያ ያለውን ላሜራ ጥለውታል፣ ዙሪያውን የሚዘጋውም ጎማ የለም፣ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ከዛ ቮልስ ይግላል ይባላል። አየራችን ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ድሮም ያነሰ ነው፣ እሱን ማባከን ያሳዝነኛል። እያንዳንዷን ላሜራ ቀለም ቀብቼ መልሻታለሁ። የዘይት ፊልትሮም እጨምርለታለሁ፣ ከፋብሪካው ወንፊት ብቻ ነው ያለው፣ 2.5 ሊትር ዘይት ያን ሁሉ ሥራ ይሠራል።

ካርቡራቶሩ ላይ ያንቺን እጅ እፈልጋለሁ። ስስ አየር ላይ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ አሮጌው ሞተር ካንዴላው ጥላሸት ሆኖ ነበር የሚወጣው፣ የቤንዚኑን ዤት በትንሽ ቀዳዳ ስቀይረው ካንዴላው የተቆላ ቡና መልክ ይዞ ወጣ፣ ወዲያው ድምፁ ራሱ ጠራ። ስለዚህ ሁለት ዌበር 40 አይዲኤፍ ካርቡራቶር ካገኘሽልኝ ከነሱ ጋር አነስ አነስ ያሉ ዋና ዤቶች በየቁጥሩ ጨምሪልኝ፣ ላንጋኖ ወይ አዋሽ ስወርድ ደግሞ ተለቅ ያሉት ያስፈልጉኛል። የ90.5ቱን ፒስተንና ሲሊንደርም ከታወቀ ቤት ውሰጂልኝ፣ ክብደታቸው ተመዝኖ የተመጣጠነ ይሁን። ለሚመጣ ሰው ይከብዳል አውቃለሁ፣ በሁለት ሰው ተካፍሎ ይምጣ፣ ብሩን ለእማማ እዚህ እሰጣቸዋለሁ።

ካምቢዮውን አልነካውም፣ የ4.125ቱን ዲፈረንሻል ነው የምተወው፣ ለዳገታችን ጥሩ ነው። ፍሬኑን ግን ከሞተሩ በፊት ፊት ለፊት ዲስክ አድርጌዋለሁ፣ በዚህ አትጨቃጨቂኝም መቼም።

ያልወሰንኩት ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካም ሻፍት ነው። እዚህ ያሉት ልጆች ኤንግል ደብልዩ 110 ይላሉ፣ ለ1776 ሁሉም የሚገጥመው እሱን ነው እያሉ። እኔ ግን ወደ ደብልዩ 100 አዘነብላለሁ፣ ምክንያቱም 110ሩ ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ነው፣ እኛ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ስንቆምና ስንነሳ ነው የምንውለው፣ አየሩም ታች ላይ ያለውን ጉልበት ቀድሞ ወስዶታል፣ ከታች የሚስብ ይሻለኛል። አንቺ ግን እንደነዚህ ያሉ ሞተሮች እጅሽ ላይ ገብተው ያውቃሉ፣ እኔ በወረቀት ነው የማውቀው። ደግሞ ሰፈርሽ አይደል፣ ሹቱትጋርት የፖርሼ ሙዚየሙ ጎራ በይና ስፒድስተር ካለ የኋላ ክዳኑን የንፋስ ወንፊት ከቅርብ አንሺልኝ፣ ፎቶው ላይ ማስመሪያ አስጠግተሽ ከቻልሽ፣ የኛው የጠበበ መስሎኛል ሞተሩን አየር እንዳይከለክለው ፈራሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታ አድርሺልኝ፣ ልጅቷን ሳሚልኝ። የካሙን ነገር ግን ቶሎ ጻፊልኝ፣ ብሎኩ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ ሞተሩን መዝጋት እጀምራለሁ፣ ከተዘጋ በኋላ ካም ለመቀየር እንደገና ሙሉውን መፍታት ነው።