ስለ ዝቃጩ ላነሣኸው ጥያቄ

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰብህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዛሬም እዚያው አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ከተጻጻፍን ብዙ ክረምት አልፏል። የማዳበሪያ ዋጋ ስለከበደህ ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣ የደረቀ ዝቃጭ በማሳህ ላይ ለመበተን ማሰብህን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሐሳብህ የሚናቅ አይደለም። ዝቃጩ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለው፤ ዩሪያን የሚያስንቀው ደግሞ የተራቆተውን አፈር በብስባሽ አበልጽጎ ውሃ እንዲይዝ ማድረጉ ነው። የአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ይህንኑ እያደረቀች በፈረንጆቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ከ1926 ጀምሮ ለገበያ ስታቀርብ ኖራለች።

ሆኖም ደርቆ አፈር ስለመሰለ ብቻ አትመነው፤ የወስፋት እንቁላል በውስጡ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በማይበልጥ ስፍራ እንዲህ ያለው ነገር ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ተከማችቶ እንዲቆይ ይመክራል፤ የእኛም ደጋ ከዚሁ ይመደባል። ያም ሆኖ ጥቂት እንቁላሎች ሊተርፉ ስለሚችሉ ከጭድ ጋር ቀላቅሎ ከ50 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ ማብላላቱን እኔ እመርጣለሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጊዜም ሙቀትም የማያጠፋቸው ካድሚየም፣ ሊድና ክሮሚየም የተባሉት ከባድ ብረቶች ናቸው። የቆዳ ፋብሪካና የጋራዥ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር በአንድ መስመር ከተቀላቀለ፣ ማጣሪያው ከውሃው የለያቸው ብረቶች ዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ፤ በየዓመቱ በተበተነም ቁጥር በአፈሩ ላይ ይከማቻሉ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ላይ ጥናቶች ያገኙት እነዚህኑ ከባድ ብረቶች ነው (በእርግጥ አትክልቱ እዚያ የሚጠጣው የወንዙን ውሃ እንጂ የተጣራ ዝቃጭ አይደለም፤ እኛም ከነጉዱ እንበላዋለን)። ስዊዘርላንድ ዝቃጭ ለእርሻ እንዳይውል በ2003 ወስና ዛሬ ታቃጥለዋለች፤ የአሜሪካዋ ሜይን ግዛትም ለዘመናት በማይፈርሱ ኬሚካሎች ምክንያት በ2022 ከልክላዋለች።

ስለዚህ ከመጫንህ በፊት ዝቃጩ ከየትኛው ሰፈር ፍሳሽ እንደመጣና ብረቱ በላቦራቶሪ መለካቱን ጠይቅ። መልሱ ካረካህ ለባሕር ዛፉና ለስንዴው ማሳ አውለው፤ ጥሬውን ከሚበላ ካሮትና ሰላጣ ግን አርቀው። የሚበትኑት ልጆችም ጓንትና ቦቲ ያድርጉ፤ ዝቃጩን ወደ ውሃ ጉድጓድህም አታስጠጋው። አሲዳማ አፈር ካድሚየምን ወደ ሰብሉ በቀላሉ ስለሚያሳልፍ የማሳህን አፈር አስለክተህ ውጤቱን ጻፍልኝ፤ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ የሚያስፈልገው ከሆነ ዝቃጩ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ወዳጅህ፣ ከአራት ኪሎ