የንባብ ክበባችን ዓመት፦ ሳቅና ግልጽነት በአንድ ምግብ አብሳይ ግለ ታሪክ

የንባብ ክበብ ዓመቱን ሙሉ የወጥ ቤት ሰው ታሪክ ለምን ያነባል የሚለው ጥያቄ ከባልደረቦቼም ከወላጆችም በተደጋጋሚ ስለ ደረሰኝ፣ ዘገባዬን በመልሱ እጀምራለሁ።

ያነበብነው ፈረንሳዊው ዣክ ፔፓን በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ተለማማጁ» የተሰኘ ግለ ታሪክ ነው። ፔፓን በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የሆቴል ወጥ ቤት ሲገባ፣ ነባሮቹ ዶሮን ከአጥንቱ የሚለይ መሣሪያ ተውሶ እንዲያመጣ ይልኩታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በዚያን ጊዜ ወጥ ቤቶች ውስጥ አልነበረም። ደራሲው የሚያስቀን በራሱ የልጅነት የዋህነት ነው፤ ተማሪዎቼም «ትሑት ነኝ» ብሎ ከሚጽፍ ሰው ይልቅ በራሱ የሚያስቅ ሰው ትሕትናውን እንደሚያሳይ ከዚህች ገጠመኝ ተረዱ። ሳቁ ብቻውን ቢሆን ግን መጽሐፉ ተራ ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ፔፓን ትምህርቱን ማቋረጡ ለዓመታት የበታችነት ስሜት እንዳሳደረበት፣ ጎልምሶ አሜሪካ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገባና ምግብ በፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስላለው ቦታ ለዶክትሬት ያቀረበው ርዕስ ለምሁራዊ ጥናት አይመጥንም ተብሎ እንደ ተመለሰበት ሳይሸሽግ ይናገራል። እዚህ ክፍል ስንደርስ ብዙዎቹ ቀና ብለው አዩኝ።

የክበቡ ምርጫና ሳምንታዊ ስብሰባዎች በወጉ ተካሂደዋል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አባላቱ ስለ ራሳቸው ሁለት ሁለት ገጽ እንዲጽፉ ጠየቅሁ። በስብሰባ ላይ ቃል ተንፍሶ የማያውቅ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰሌዳው የማይታየው መሆኑን ለመደበቅ የጎረቤቱን ሹክሹክታ እየሰማ ሲጽፍ እንደ ኖረ፣ አንድ ቀንም ከሰሌዳው ላይ የሌለ ጥያቄ በልበ ሙሉነት እንደ መለሰ አነበበልን። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ መነጽር እንደሚያስፈልገው ለእናቱ ያልነገራት ሌላ ሸክም ላለመጨመር ብሎ መሆኑን ሲያነብ ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ሁለት ዓመት አስተምሬው ልቡ ትምህርቱ ላይ የለም ብዬ ነበር። ሳቁ ባይቀድም ኖሮ ያን እውነት የሚናገርበት ድፍረት ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም። በማግስቱ ከፊት ወንበር አስቀመጥሁት፤ ቤተሰቡንም አነጋገርሁ።

ችግር አልነበረም አልልም። የመጽሐፉ እንግሊዝኛ የከበዳቸው ሰባት አባላት በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ለቀዋል፤ የቀሩት 26 አባላት አንድ ቅጂ እየተቀባበሉ ነው ያነበቡት፤ ተራ የደረሰው ሲያነብ ሌላው ይጠብቃል። ለሌሎች ክበባት ቁሳቁስ በየዓመቱ ሲመደብ ለንባብ ክበብ መጽሐፍ የማይገዛበት ምክንያት እስከ አሁን አልተነገረኝም። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ለመጪው ዓመት አሥር ቅጂዎች እንዲገዛልን፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ክፍት ሆኖ እንዲቆይልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።