ዜናው ትሪው ውስጥ ነበር

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ተማሪዎች የመስክ ጉብኝት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። አንባቢዎቻችሁም ሳያዩት አይቀሩም፤ የገጹን ግማሽ የያዘው ፎቶ ለማለፍ አይመችም። የምጽፈውም ስለዚያው ፎቶ ነው። ከሥሩ የሰፈረችው መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ተማሪዎች በወንዝ ዳር በጭቃ ሲጫወቱ»።

ፎቶው ላይ እስከ ክርን ድረስ ጭቃ የነካቸው ሁለት እጆች ይታያሉ። ነጭ የፕላስቲክ ትሪ ይዘዋል። ትሪው ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ነገሮች። በግራ ጠርዝ በኩል የአረንጓዴ ጨርቅ ጫፍ ብቅ ብሏል። የስካውት ስካርፍ ነው። የስካርፉ ባለቤት ከፎቶው ውጪ ቀርታለች። ጽሑፉ ውስጥም የለችም። ስለ ስካውቶች አንድ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ዘገባውን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ ፈለግሁ። ወፍ የለም። እኔ የስካውት መሪ ነኝ፤ ያን ቀን ወንዙ ዳር የነበረውን ሥራ ያዘጋጁትም ያስተማሩትም የእኛ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ቢከነክነኝ አይፍረዱብኝ።

ለመሆኑ ልጆቹ ምን እያደረጉ ነበር?

አንዱ መረቡን ወራጁ ላይ ደግኖ ይቆማል። ሌላው ከመረቡ ትንሽ ከፍ ብሎ የወንዙን ወለል በቦቲው ያምሳል። ከድንጋይ ሥር የተነቀሉት ነፍሳት በውሃው ተገፍተው መረቡ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ፣ በሰዓት ተይዞ። ከዚያ መረቡ ትሪው ላይ ይገለበጣል። ትሪው ነጭ የሆነው ለማማር ብለን አይደለም፤ የሩዝ ፍሬ የማታክል ነገር ስትንቀሳቀስ እንድትታይ ነው። ልጆቹ በማንኪያና በቀለም ብሩሽ ይለያሉ፣ ከሥዕላዊ መለያው ጋር ያስተያያሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ። ሲጨርሱ ሁሉንም ወደ ወንዙ ይመልሳሉ። የገለበጡትን ድንጋይ እንኳ እንደነበረ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት።

የውሃ ጥራት ባለሙያዎችም በብዙ አገር የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ምክንያቱ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለተቀዳበት ሰዓት ነው። ትናንት ማታ መርዝ ተለቆ ሌሊቱን ካለፈ ጠርሙሱ በምን ያውቃል? ድንጋይ ሥር ያለው እጭ ግን ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ እዚያው ከርሟል። ስቶንፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ ሁለት ጅራት አለው፤ ኦክስጅን ሲያንስ ቀድመው ከሚጠፉት አንዱ ነው። የሜይፍላይ እጭም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጅራት አለው፤ ሆዱ ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ስንጥቦቹ ሲርገበገቡ በዓይን ይታያሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሚጅ የምትባለው ትንሽ ዝንብ ቀይ እጭ አለች። የቀላችው በሄሞግሎቢን ነው። አየር ባጠረው ጭቃ ውስጥ ሌላው ሲሞት እሷ ትኖራለች። እንግዲህ ትሪው ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደጠፋ ያየ ልጅ ወንዙ እንዴት እንደከረመ ይናገራል።

የዚያን ቀን ልጆቹ በሁለት ቦታ ሠርተው ነበር፤ ከድልድዩ በላይና ከድልድዩ በታች። ከላይ የወጣው ትሪ በሜይፍላይ ተሞላ። ካዲስፍላይ የሚባለው እጭም ነበረበት፤ በአሸዋ ቅንጣትና በስንጥር የሠራትን ቤት እየጎተተ ሲሄድ አንዱ ትንሽ ልጅ ጮኾ ጓደኞቹን ሰበሰበ። ከድልድዩ በታች የወጣው ትሪ ላይ ግን ቀይ እጭ ብቻ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወዲያው አንዷ ትንሽ ልጅ «ድልድዩ ሥር ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ቱቦ አለ። ሁሉም አይቶታል። ልጆቹ ሊፈርዱ ሲሉ ባለአረንጓዴ ስካርፏ አስቆመቻቸው። «ከታች ውሃው ይተኛል፤ ጭቃም ይበዛል። የቱቦው ጥፋት ላይሆን ይችላል። ከላይም ውሃው የሚተኛበት ቦታ ፈልገን እንሞክር» አለች። ክርክሩ ጦፈ። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። የጋዜጠኛችሁ ካሜራ ከትሪው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ዜናው ትሪው ውስጥ ነበር። እሳቸው ጭቃ አዩ።

ለነገሩ ጋዜጠኛው ምንም አልሠሩም ማለት ግፍ ነው። የመክፈቻው ንግግር ሳይጎድል ወጥቷል። የእንግዶቹ ማዕረግ በቅደም ተከተል ተሰድሯል፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደተናገረ ታሪክ አይረሳውም። ስለ ነገ አገር ተረካቢዎች አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ። ተረካቢዎቹ ራሳቸው ቦቲ አድርገው ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር፤ የጠየቃቸው የለም። እንዲያውም ፎቶ ሲነሳ የእኛን ልጆች «እናንተ ፈንጠር በሉልኝ፣ ተማሪዎቹን ላንሳ» አሏቸው። እነሱም እኮ ተማሪዎች ናቸው! ዩኒፎርም ስለለበሱ ትምህርት ቤት የማይገቡ መሰሉ? ሥራው ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፌ ጠዋት በእጃቸው ሰጥቻቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አገኘሁት። ሣሩ እርጥብ ስለነበር ተቀምጠውበታል።

ዘገባው «አሠልጣኞች ገለጻ አድርገዋል» ይላል። የትኞቹ አሠልጣኞች? ያስረዱት የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ናቸው። ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ በተባለች የእንግሊዝ ደሴት የሙከራ ካምፕ ሲያቆም 20 ያህል ወንድ ልጆችን ሰብስቦ ነበር፤ ከሀብታም ቤትም ከሠራተኛ ቤትም። ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራ እና ከርሊው በሚባል የውሃ ዳር ወፍ ስም በአራት ፓትሮል፣ ማለትም በአራት ትንንሽ ቡድን ከፈላቸው። እያንዳንዱን ፓትሮል የሚመራው ከልጆቹ አንዱ ነበር። ዱካ መከተል፣ እንስሳ ማስተዋል፣ ያዩትን ይዞ መጥቶ መናገር፤ ሁሉም በዚህ መልክ ይሠራ ነበር። ትልቁ ልጅ ታናሹን ያሳያል፣ አዋቂው ከኋላ ቆሞ ደኅንነት ይጠብቃል። ዛሬም አሠራራችን ያው ነው። ጋዜጠኛው ከኋላ የቆምነውን አዋቂዎች አይተው አስተማሪ አደረጉን። እኔ ያን ቀን የሠራሁት የውሃውን ጥልቀት መለካት፣ ቁስል ያለበትን ልጅ በፕላስተር መሸፈንና እጅ ማስታጠብ ነው።

ከፎቶው የወጣችዋ ልጅ ጋዜጣውን ስታይ ብዙም አልገረማትም። እኔ ግን ስለ 1909 (እ.ኤ.አ.) ነገርኳት። በዚያ ዓመት ለንደን ክሪስታል ፓላስ ለወንዶች ብቻ በተጠራ የስካውት ሰልፍ ላይ ሴት ልጆች ሳይጠሩ መጥተው «እኛም ስካውት ነን» አሉ። በዓመቱ በባደን ፓውል እህት በአግነስ መሪነት የራሳቸው ድርጅት ተቋቋመ። «እኛን ግን ጠርተውን ነበር» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

የዘገባው መጨረሻም ሌላ ጉድ ነው። ከሰዓት በኋላ ስለነበረው የታሪክ ክፍል ሲያነሳ ልጆች ቅርስ እንዳይነካኩ፣ ወጪውም ሲታሰብ ክፍል ውስጥ ፊልም ቢያሳዩአቸው እንደሚበቃ ይመክራል። የመጀመሪያው ስጋት ተገቢ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ላስኮ የሚባለውን የጥንት ሥዕል ያለበት ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940 ያገኙት ወጣት ልጆች ናቸው። ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ግን የጎብኚው ትንፋሽና መብራቱ ሥዕሎቹን መጉዳት ስለጀመሩ በ1963 ተዘጋ። ዛሬ ሰው የሚያየው በአምሳያ የተሠራውን ነው። ስለዚህ ሁሉን ንኩ የሚል የስካውት መሪ የለም። የእኛ ልጆች የቆፈሩት እውነተኛ ቅርስ አልነበረም። ሰባብረን በአሸዋ ሣጥን በየደረጃው የቀበርነው አዲስ የሸክላ ገል ነበር። ሣጥኑን በሲባጎ በአራት ማዕዘን ከፋፈሉት። እያንዳንዱን ገል የትኛው ማዕዘን፣ በስንት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንደተገኘ ሳይጽፉ ማንሳት ክልክል ነበር። አንዱ ቸኩሎ ሳይጽፍ አነሳ። ጓደኞቹ አፈር ድሜ አበሉት። ይህ ልጅ ነገ ዕውነተኛ ቅርስ ቢያገኝ ዝም ብሎ የሚያነሳ ይመስላችኋል?

የፊልሙ ምክር ግን አይዋጥልኝም። ፊልም ላይ ሁልጊዜ ነገር ይገኛል፤ ያልተገኘውን ቀን ቆርጠው ጥለውታል። ወንዝ ዳር ግን መረቡ ባዶ ይወጣል። ልጁ ቅጹ ላይ «0» መጻፍ አለበት፤ መጻፍ ደግሞ ያመዋል። ከዚያ ለምን ባዶ እንደሆነ ማሰብ ይጀምራል። ደግሞም ፊልሙ ካሜራ ወደተዞረበት ብቻ ነው የሚያሳየው። እ.ኤ.አ. በ1879 ስፔን ውስጥ አልታሚራ ዋሻ ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላ አጎንብሶ መሬት መሬቱን ሲቆፍር ትንሿ ልጁ ማሪያ ቀና ብላ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን ጎሾች አየች። ምሁራኑ ሥዕሉ የጥንት ሰው ሥራ ነው ቢላቸው አላመኑትም፣ አጭበርባሪ አሉት። በ1888 ሲሞት ስሙ እንደጎደፈ ነበር፤ እውነቱን የተቀበሉት በ1902 ነው። ማሪያ ቤቷ ሆና ፊልም ብታይ ኖሮ ምን እንደምታይ ጋዜጠኛችሁ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የፎቶው መግለጫ ይታረም። እርማቱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ፤ ከስፖርት ውጤት በታች በጉንዳን ፊደል አይሁን። ልጆቹ የመዘገቡት ቅጽ እኛ ጋ አለ፤ የሁለቱም ቦታ ቆጠራ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተጽፎበታል። ማተም ከፈለጋችሁ እንልካለን። ከላይ በኩል ውሃው የሚተኛበትን ቦታ ስካውቶቹ አግኝተውታል፤ በሚቀጥለው ወር ሄደው ይሞክሩታል። ጋዜጠኛው ቢመጡ ደስ ይለናል። ቦቲ ግን ይዘው ይምጡ፤ የእኛዎቹ በሙሉ የልጅ ቁጥር ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስካውት መሪ