ኤፕሪል 12ን ለምታዘጋጅ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ለክፍልሽ ለምታቀርቢው «ታሪክ በዚህ ቀን» ኤፕሪል 12ን መምረጥሽ ጥሩ ነው። በአሜሪካ ታሪክ አራት ትልልቅ ነገሮች በዚያ ቀን ውለዋል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ፣ በ1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሞቱ፣ በ1955 የፖሊዮ ክትባት ሙከራ ውጤት ተነገረ፣ በ1981 ኮሎምቢያ የተባለችው የኅዋ መንኮራኩር ተነሳች። ግን አራቱን በተርታ ደርድረሽ «ይገርማል፣ ሁሉም በአንድ ቀን!» ብለሽ እንዳትተዪው። የትኛው በአጋጣሚ እንደገጠመ፣ የትኛውን ደግሞ ከቀኑ ሌላ የሚያስተሳስረው ነገር እንዳለ ለይተሽ አሳዪ።

መጀመሪያ ቀኑን እናጥራው። ኤፕሪል ማለት ሚያዝያ ነው ብሎ የለመደ ሰው «ሚያዝያ 12» ብሎ ይጽፋል። በእኛ አቆጣጠር ግን ሚያዝያ 4 ነው፤ ሚያዝያ 12 የሚውለው ኤፕሪል 20 ላይ ነው። ስለዚህ ሩዝቬልት የሞቱት ሚያዝያ 4 ቀን 1937፣ የክትባቱ ውጤት የተነገረው ሚያዝያ 4 ቀን 1947፣ መንኮራኩሯ የተነሳችው ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። የ1861ዱ ግን ሚያዝያ 5 ቀን 1853 ይሆናል። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ሳያደርጉ አለፉ፤ እኛ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጋችንን አላቋረጥንም፤ በዚህ የተነሳ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። በእነሱ አራቱ አንድ ቀን ሲሆኑ በእኛ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ይህን ለክፍልሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል፤ ከመጽሐፋቸው አያገኙትም። ሰዓቱንም የምጽፍልሽ በእኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ስትገለብጪው ስድስት ሰዓት ማስተካከል አትርሺ።

የ1861ዱን አጠር አድርጊው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ሰዎች ከያዙት ከፎርት ጆንሰን የተተኮሰች አንዲት የሞርታር ጥይት በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርለስተን ወደብ፣ የመንግሥት ጦር በነበረበት በፎርት ሰምተር ምሽግ አናት ላይ ፈነዳች፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ። የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሰው የመገንጠሉ ደጋፊ ኤድመንድ ረፊን ነው የሚል ጽሑፍ ያጋጥምሻል፤ ያቺ ለሌሎቹ መድፎች ምልክት የሆነችው ጥይት የእሱ አይደለችም። ድብደባው 34 ሰዓት ያህል ስለቆየ ካርድሽ ላይ «ተጀመረ» በዪ እንጂ «ምሽጉ ወደቀ» አትበዪ። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ሮበርት አንደርሰን እጅ የሰጠው በ13 ሲሆን ምሽጉን የለቀቀው በ14 ነው። በድብደባው አንድም ሰው አልሞተም። ወታደር የሞተው ሲወጡ ለባንዲራቸው ክብር 100 ጊዜ መድፍ ሊተኩሱ ጀምረው ባሩዱ ያለጊዜው ሲፈነዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ በ50 አቆሙት። አንደርሰን ያንኑ ባንዲራ መልሶ የሰቀለው በአራተኛ ዓመቱ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ነው። ያ ቀን ሆን ተብሎ ተመርጦ ነበር፤ በዚያው ምሽት ፕሬዚዳንት ሊንከን ቴአትር ቤት ውስጥ በጥይት መመታቱ ግን የአጋጣሚ ነው።

የሥራሽ ልብ መሆን ያለባቸው 1945 እና 1955 ናቸው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1921፣ በ39 ዓመታቸው፣ ታመው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ሕመሙ ፖሊዮ፣ የእኛ ሰው የልጅነት ልምሻ የሚለው፣ ነው ተባለ። በ1938 ለዚህ በሽታ የሚሆን ብሔራዊ ድርጅት አቋቋሙ። ሕዝቡ ዳይም የምትባለዋን የአሥር ሳንቲም ዝርዝር በፖስታ እያሸገ ይልክ ነበር። ሩዝቬልት የሞቱት ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በተባለው፣ ለእግራቸው ይረዳኛል ብለው በሚመላለሱበት ፍል ውኃ ስፍራ ነው። ሠዓሊ መልካቸውን እየሣለች ሳለ ራሴን አመመኝ አሉ፤ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። የሞቱበትን ሰዓት አንዱ ጽሑፍ 9፡35፣ ሌላው 10፡35 ይልሻል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ያኔ ጆርጂያና ዋሽንግተን በአንድ ሰዓት ይበላለጡ ነበር። የትኛውን እንደወሰድሽ ጻፊ። ምክትላቸው ትሩማን በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ የፈጸመው በዋሽንግተን ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ነው። ለእኛ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ጨምሪ፦ ሩዝቬልት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ግብፅ ውስጥ፣ ኩዊንሲ በተባለው የጦር መርከብ ላይ የተገናኙት ፌብሩዋሪ 13 ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ሞቱ ማለት ነው።

ልክ በአሥረኛ ሙት ዓመታቸው፣ በ1955፣ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፖሊዮ ክትባት ሙከራ ውጤት ተነበበ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ውጤቱን ያቀረበው ክትባቱን የሠራው ጆናስ ሳልክ ሳይሆን ሙከራውን የመረመረው ቶማስ ፍራንሲስ ነው። የሠራው ሰው የራሱን ሥራ እንዳይዳኝ ተብሎ ነው። በሙከራው 1.8 ሚሊዮን ያህል ልጆች ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ሳይወጉ በክትትል ብቻ የተያዙ ናቸው። የተወጉት ሦስት መርፌ ወሰዱ፦ አንዱን መጀመሪያ፣ ሁለተኛውን በሳምንቱ፣ ሦስተኛውን በአምስተኛው ሳምንት። በብዙ ቦታ ለከፊሎቹ ክትባት የሌለበት፣ መልኩ ግን ያው የሆነ ፈሳሽ ተሰጣቸው፤ የትኛው ልጅ የትኛውን እንደወሰደ መርፌውን የሚሰጠውም የሚቀበለውም አያውቅም። ክትባቱ ሽባ ከሚያደርገው ፖሊዮ ከ80 እስከ 90 በመቶ ይከላከል ነበር። ለሳልክም ለሙከራውም ገንዘቡን የሰጠው ሩዝቬልት ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን የምታስቀምጪው በዚህ ምክንያት ይሁን፤ የቀኑ መግጠም ሁለተኛ ነው።

ከዚያ የመጣውንም አትዝለዪው። ፈቃዱ በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ ተሰጠ፤ ችኮላው ዋጋ አስከፈለ። የሳልክ ክትባት ቫይረሱን በፎርማልዲሃይድ ገድሎ የሚዘጋጅ ነው። ካሊፎርኒያ ባለ አንድ ፋብሪካ ግን በፈሳሹ ውስጥ ዝቃጭ ቀርቶ ኖሮ ዝቃጩ ውስጥ የተሸሸገውን ቫይረስ መድኃኒቱ ሳይደርስበት ቀረ። ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ተሰጥቶ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች የጡንቻ መዛልና የሽባነት ጉዳት ደረሰባቸው፣ 10 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱትም ከታመሙትም ውስጥ ያልተወጉ፣ ከተወጋ ልጅ የተላለፈባቸው አሉ። ምርቱ ኤፕሪል 27 ተሰበሰበ፤ ቁጥጥሩም ጠበቀ። በ1952 ወደ 58,000 የደረሰው የታማሚ ቁጥር በ1957 ከ6,000 በታች ወረደ።

የ1981ዱ ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የኅዋ መንኮራኩር በረራ ነው። ጆን ያንግና ሮበርት ክሪፐን ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሡ። የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ጋጋሪን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ኅዋ የወጣበት 20ኛ ዓመት ስለሆነ «አሜሪካኖቹ ቀኑን መርጠው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም፤ የታቀደው ለኤፕሪል 10 ነበር። መንኮራኩሯ አንድ ዓይነት ፕሮግራም የተጫነባቸው አራት ኮምፒዩተሮችና፣ በአራቱ ላይ ያለው ስሕተት እንዳይጋባበት ሌላ ፕሮግራም የተጻፈለት አምስተኛ መጠባበቂያ ነበራት። ዓርብ ጧት ሲበሩ ከአራቱ የሚወጣው መረጃ ከፊሉ በ40 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ተገኘ፤ መጠባበቂያውም ጊዜው አልገጠመልኝም ብሎ አልቀበል አለ። ስሕተቱ ከ67 ማብራት በአንዱ ሊያጋጥም የሚችል ነበር። መፍትሔው አጥፍቶ እንደገና ማብራት ሆነ፤ በረራው ግን እሑድ ላይ ዋለ። በዚህ ካርድ ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፊ፣ 10ን ሰርዘሽ 12ን ከጎኑ።

ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ።

እናትሽ