ስለ ጋቪን ፒኮክም ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ኳስ ስላቆሙ ተጫዋቾች ስትጽፉ ጋቪን ፒኮክን እንዳትረሱት። እ.ኤ.አ. በ1993/94 ቼልሲ ማንቸስተር ዩናይትድን በሊጉ ሁለቴ 1 ለ 0 ሲረታ ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነው። በዚያው ዓመት በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ገና 0 ለ 0 እያሉ፣ የመታት ኳስ አግዳሚውን ገጭታ ተመለሰች። ቼልሲ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጫማውን ሰቅሎ ቢቢሲ ላይ ተንታኝ ሆነ። የሚያስቀና ሥራ! እ.ኤ.አ. በ2008 ግን እሱንም ትቶ ነገረ መለኮት ሊማር ቤተሰቡን ይዞ ካናዳ ገባ። በካልጋሪም መጋቢ ሆነ።

ክርስትናን የተቀበለው ገና በ18 ዓመቱ ነው፤ ኳሱንም የተጫወተው እያመነ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች የምናነበው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጠፍቶ ተመለሰ» የሚለውን ብቻ ነው። እባካችሁ የሱን ሕይወት ሙሉውን አስነብቡን።

አክባሪያችሁ